ጭቃ አይጨብጥም

ለነፋስ መውጫ ስሟን ያወጣላት ማንም ይሁን ማን፣ እውነቱን ነው። ከተማዋ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከጉና ተራራ ማዶ ተቀምጣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ የመስኮቱን መዝጊያ እንደ እንግዳ ያንኳኳል፤ ተዘግቶም ቢሆን በጠርዙ ሾልኮ ይገባና መጋረጃውን ያሳብጠዋል። አክስቴ ቤት መጋረጃው የወደቀው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ትንሹ ልጇ ከመደቡ ሊነሣ ብሎ የጨርቁን ጫፍ ያዘ፤ ነፋሱ በበኩሉ ነፋው፤ ሚስማሩ ቡጢ የሚያህል ጭቃ ይዞ ወረደ። ግድግዳው ላይ በቀረው ጉድጓድ ውስጥ ጭዱ ይታይ ነበር። አክስቴ «ጨርቁ ከብዶት ነው» አለች። መዘንነው፤ ሁለት ኪሎ አልሞላም። ሊጠግን የመጣው ሽማግሌ አናጢ ጉድጓዱን በጣቱ ጫር ጫር አደረገና «ልጄ፣ ጭቃ አይጨብጥም። እንጨቱን ነው መፈለግ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ ከጨርቁ ይልቅ ወደ መስቀያው ይሄዳል። ያዘመመ ዘንግ፣ ወደ ውስጥ የተቆለመመ ሚስማር፣ መሃሉ የረገበ ስፕሪንግ በየቤቱ አለ። ባለቤቶቹ ጨርቁን መርጠው፣ ተከራክረው፣ ደብረ ታቦር ድረስ ሄደው ገዝተውታል። መስቀያው ግን በመጨረሻው ሰዓት፣ በተገኘው ሚስማር፣ በተገኘው ቦታ የተመታ ነው።

በአገራችን ቤት መጋረጃ መጀመሪያ የመስኮት ዕቃ አልነበረም። ሣር ክዳኑ ቤት መስኮት ቢኖረውም ትንሽ ነበር፤ ብርሃኑ በበር ይገባል፣ ጭሱም እንደ ምንም ይወጣል። መጋረጃ የጓዳው፣ የአልጋው፣ የሙሽሮቹ ጫጉላ ነበር። የሚንጠለጠለውም በጠፍር ወይም በገመድ ሲሆን የገመዱ ጫፍ ከቋሚ እንጨት ወይም ከኩላብ ላይ ይታሰራል። ጥሩ ኩላብ ግድግዳው ገና እንጨት ብቻ ሳለ ከማገሩና ከቋሚው ጋር ይያያዛል፤ ጭቃው የሚመረገው በኋላ ነው። ስለዚህ ጠብመንጃም ጋሻም ቢሰቀልበት አይነቀልም። ሸክሙን የሚቀበለው እንጨቱ ነው፤ ጭቃው ልብስ ብቻ ነው።

ይኸው ዘዴ በድንጋይ ግንባታም ይታያል። የድጓ ማስመስከሪያ በመሆን የታወቀችው የጋይንቷ ቤተልሔም ለዚህ ምሳሌ ናት። ቶማስ ፓከናም የተባለ የውጭ አገር ጸሐፊ በ1955 እ.ኤ.አ. እዚያ ደርሶ በክብ ሣር ክዳን ሥር የተሸሸገ አራት ማዕዘን ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ማየቱን ለውጭው ዓለም ጻፈ። ቤተ ክርስቲያኑ በተከተለው በአክሱም ዘመን አሠራር የበርና የመስኮት መቃን ግድግዳው ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ አይደለም። ግንቡ ሲወጣ አብሮ ይገባል፤ የማዕዘኑ እንጨቶች በድንጋዩ ውስጥ አልፈው ጫፋቸው ወደ ውጭ ይታያል። እንዲህ ያለ ጉበን ላይ መንጦላዕት ሲሰቀል የሚሸከመው ግንቡ በሙሉ ነው። የዛሬው መስኮታችን ግን ብዙ ጊዜ ከግድግዳው በኋላ መጥቶ በጭቃና በጥቂት ሚስማር የተጣበቀ እንግዳ ነው።

ወደ ሱቁ እንሂድ። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገብተው የመጋረጃ መስቀያ ሲጠይቁ ከዘንጉ ጋር በትንሽ ላስቲክ የታሰሩ ቪቴዎችና የፕላስቲክ ፊሸሮች ይሰጡዎታል። ፊሸር የሰው ስም ነው፤ ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር በ1958 እ.ኤ.አ. ይህን የናይለን መሰኪያ ፈለሰፈ። ቪቴው ሲገባበት ፊሸሩ ይሰነጠቅና ወደ ጎን ይነፋል፤ የቀዳዳውን ግድግዳ ስለሚገፋም ይነክሳል። ሥራው በሙሉ ግፊት ነው። ስለዚህ የሚገፋው ነገር ጠንካራ መሆን አለበት። ኮንክሪት ሲገፉት መልሶ ይገፋል። በጭድ የተቦካ ጭቃ ሲገፉት ግን ይፈረፈራል፤ ፊሸሩ በነፋ ቁጥር ቀዳዳውን ያሰፋል። የአክስቴ ቤት ሁለተኛው ሙከራ ፊሸር ነበር፤ አንድ ሳምንት እንኳ አልቆየም።

በጭቃ ቤት እንጨቱን ማግኘት ከባድ አይደለም። በመዶሻ እጀታ ግድግዳውን ቀስ እያሉ መምታት ነው፤ ቋሚው ያለበት ቦታ ድምፁ ይጠነክራል፣ ባዶው ይደፈናል። ምርጊቱ ደርቆ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀበት ቦታም ብዙ ጊዜ ከሥሩ ቋሚ አለ። ከዚያ በቀጭን ሚስማር ወይም በወስፌ ወጋ አድርጎ ማረጋገጥ ነው። ማገሩን ካገኙ ይለፉት፤ ማገር ቀጭን ስለሆነ ሲመቱበት ይርገበገባል፣ ዙሪያውን ያለውን ምርጊትም ያራግፋል። ቋሚውን ምስጥ በልቶት ከሆነም ወስፌው ያለ ድካም ይሰምጣል። ያን ጊዜ ችግሩ ከመጋረጃው በላይ ነው።

ሚስማሩ ረጅም መሆን አለበት። ምርጊቱ ብቻውን አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ስለሚወስድ ባለ 5 ሚስማር ቢመቱ እንጨቱን ሳይነካ ይቀራል፤ ባለ 10 ግማሹ እንጨት ውስጥ ይገባል። የደረቀ ባሕር ዛፍ ደግሞ ይሰነጠቃል። አናጢው ያኔ ያሳየኝን እነሆ፦ ሚስማሩን ገልብጦ ጭንቅላቱን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ሹሉን ጫፍ በመዶሻ አንዴ መታ፣ ዶለዶመ። ሹል ጫፍ የእንጨቱን ጭረት ወደ ጎንና ጎን ከፍሎ ይገባል፤ የዶለዶመው ግን ፊት ለፊቱ ያለውን እየጨፈለቀ መንገዱን ስለሚያወጣ እንጨቱ አይሰነጠቅም። የመዶሻው ድምፅ ራሱ ተለየ፤ የመጀመሪያው ሚስማር ጠቅ ብሎ እንጨቱን ከፍሎት ነበር፣ ሁለተኛው ድም ድም እያለ ገባ።

ለጭቃ ቤት ከሁሉ የምመርጠው ግን ሌላ ነው፦ ከመስኮቱ በላይ አንድ ጣውላ ወይም ሞራሌ አግድም መዘርጋት። ከመስኮቱ በግራም በቀኝም አንድ ስንዝር ያህል ይለፍ፤ ሦስት አራት ቋሚዎች ላይ ይመታ። ከዚያ በኋላ የዘንጉ መያዣ በፈለጉት ቦታ ጣውላው ላይ በቪቴ ይታሰራል። ቋሚው እኛ በፈለግነው ቦታ አይቆምም፤ ጣውላው ግን ከቋሚ ወደ ቋሚ ድልድይ ይሆናል። ልጅ ቢንጠለጠልበትም ሸክሙ ለሦስት አራት ቦታ ይከፋፈላል። ይህን ለመሥራት ድሪልም መብራትም አያስፈልግም፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ስለ ስፕሪንጉ። ነጭ ፕላስቲክ የለበሰው ጥቅልል ሽቦ ርካሽ ስለሆነ በየቤቱ አለ። ጉዳቱን ግን ጥቂት ሰው ያስተውለዋል። ሁለት ሰዎች ገመድ ወጥረው ይዘው መሃሉ ላይ ውኃ የሞላ ጀሪካን ቢሰቀል፣ የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆኑ ገመዱን ቀጥ ሊያደርጉት አይችሉም። ቀጥ ሊያደርጉት በታገሉ መጠን እጃቸው ወደ መሃል ይሳባል። መጋረጃም እንዲሁ ነው። ሁለት ኪሎ መጋረጃ በሁለት ሜትር ስፕሪንግ ላይ ቢሰቀልና መሃሉ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲረግብ ቢፈለግ፣ እያንዳንዱ ሚስማር ወደ ጎን በ25 ኪሎ ይሳባል። አምስት ሳንቲ ሜትር እንዲረግብ ከተፈቀደለት መሳቡ ወደ 10 ኪሎ ይወርዳል። የተቆለመሙት ሚስማሮች ሁሉ ወደ መስኮቱ መሃል የሚያጎነብሱት ለዚህ ነው፤ የጎተታቸው ክብደቱ ሳይሆን ውጥረቱ ነው። ስፕሪንግ ለጠባብ መስኮት፣ ለስስ ጨርቅ፣ ከሜትር ብዙ ለማያልፍ ርዝመት ይሁን። ለሰፊው ዘንግ ያስፈልጋል።

ዘንግ ሲባል ብዙ ሰው ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ይጠቀማል። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ሁለት ሜትሩ 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሁለት ኪሎ መጋረጃ ሲጨመርበት መሃሉ ከሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ ይጎብጣል። ውጪው 20 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውስጡ ባዶ፣ ስስ የብረት ቱቦ ከፌሮው ትንሽ ይቀልላል፤ ያው መጋረጃ ሲሰቀልበት የሚጎብጠው ግን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ብረቱ ከመሃል ርቆ ወደ ዳር ሲሰራጭ መታጠፍን ይቋቋማል። ቀርከሃ በተፈጥሮው ይህን ያውቃል፤ ቀጥ ያለ የደረቀ ቀርከሃ ከፌሮ የተሻለ የመጋረጃ ዘንግ ነው ብል ማጋነን አይደለም። የርዝመቱን ነገር ደግሞ አስቡት፦ የአንዱ ሜትር ሸክም እኩል ሆኖ የዘንጉ ርዝመት እጥፍ ቢሆን ጉብጠቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መሃል ላይ ሦስተኛ መያዣ መጨመር ውድ ዘንግ ከመግዛት ይበልጣል።

መያዣው ከግድግዳው በራቀ መጠን የላይኛው ቪቴ የበለጠ ይጎተታል። ስምንት ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት የወጣ፣ ሁለቱ ቪቴዎቹ አምስት ሳንቲ ሜትር የተራራቁ መያዣ 20 ኪሎ ሲንጠለጠልበት የላይኛውን ቪቴ በ32 ኪሎ ይስበዋል። ሁለት ቪቴ ብቻ ካለዎት ረጅሙን ከላይ ያድርጉት።

በብሎኬት ቤት ነገሩ ይለያል። መካነ ኢየሱስን፣ ወገዳንና አርብ ገበያን በመሳሰሉ የአካባቢው ከተሞች ብሎኬት ቤት እየበዛ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ ስሱን ፊት አልፎ ባዶው ውስጥ ይንጠለጠላል። መጠገኛው ቀዳዳውን በስካርፔሎ ሰፋ አድርጎ በሲሚንቶ መሙላት፣ ሳይደርቅም የእንጨት ሽብልቅ መትከል፣ ከጠነከረ በኋላ ቪቴውን ሽብልቁ ላይ ማሰር ነው። ወይም ከመስኮቱ በላይ ያለውን የኮንክሪት ጉበን መጠቀም፤ እዚያ ፊሸር በእውነት ይሠራል፣ ለመብሳቱ ግን የሚመታ ድሪል ይፈልጋል።

የብረት መስኮት የሚያሠራ ሰው ደግሞ ዕድለኛ ነው፤ ብዙዎች ግን ይህን ዕድል ያልፉታል። መስኮቱ ገና በያጁ እጅ ሳለ፣ አንቲረስት ሳይቀባ፣ ከላይኛው ጠርዝ ሁለት ወይም ሦስት መንጠቆ በይድልኝ ማለት ነው። ከቁርጥራጭ ፌሮ ይሠራል፤ ግድግዳ መብሳት፣ ፊሸር መግዛት ቀረ። መንጠቆው አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ይሁን፣ መጋረጃው ለመታጠብ ሲወርድ ዘንጉ ብድግ ብሎ እንዲወጣ። ቀለሙ መንጠቆውንም በደንብ ይሸፍነው። በደጋ ሌሊት የብረቱ መቃን ላብ ያልበዋል፤ ዝገቱ ነጭ ጨርቅ ላይ ቡናማ መስመር ይተዋል፣ በሳሙና አይለቅም።

የት ከፍታ ላይ ይሰቀል የሚለውን የሚወስነው አየሩ ነው። ለነፋስ መውጫ ብርድ መጋረጃው ለግድግዳው ቀረብ ብሎ፣ ከመስኮቱ በግራም በቀኝም አንድ ስንዝር አልፎ፣ ወደ ታችም ወርዶ መሰቀል አለበት፤ ክፍተት በተገኘበት ብርዱ ይፈስሳል። በስማዳ ቆላ ተቃራኒው ነው፤ ስስ ጨርቅ፣ ከግድግዳው ራቅ ያለ መያዣ፣ አየር የሚያልፍበት። ፀሐዩ በቀጥታ በሚመታው መስኮት ላይ የፕላስቲክ ቀለበት በጊዜ ብዛት ደርቆ ይሰባበራል፤ የብረት ወይም የእንጨት ይሻላል። የእንጨት መዝጊያው ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ አንዴ ከፍቶ ዘንጉን እንደማይመታ ማየት ከሚስማሩ በፊት ነው።

በቢሮና በአዳዲስ ቤቶች የሚታየው በገመድ እየተጠቀለለ የሚወጣው ሮለር መጋረጃ አንድ ነገር ብቻ እንድል ያስገድደኛል። የተንዘላዘለ ገመዱ ሕፃን አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል፤ በሌላው ዓለም በዚህ የሞቱ ሕፃናት አሉ። ገመዱ ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ ተጠቅልሎ የሚታሰርበት መንጠቆ ይኑረው፤ አልጋም መደብም ከሥሩ አይቀመጥ።

የአክስቴ መስኮት አሁን ጣውላ አለው። አናጢው አራት ሚስማር መታበት፤ አራቱንም ሹላቸውን አዶልዱሞ። ጉድጓዱን በጭድና በጭቃ ደፍነን መረግነው፤ ጣውላው ሸፍኖታል። ዘንጉ ቀርከሃ ነው፣ መሃሉ ላይ ሦስተኛ መያዣ አለው። ያ ልጅ አሁንም ከመደቡ ሲነሣ መጋረጃውን ይይዛል።