በዲዝኒ ደጃፍ ቤት ለሚገዛ፦ ከርችቱ በፊት ደንቡን ማየት

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና የኦርላንዶን የቤት ገበያ ለመረዳት ወደ 1965 መመለስ ይበጃል (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት መሀል የሚገኘውን የከብት ግጦሽና ረግረጋማ መሬት ስማቸው ተሰምቶ የማያውቅ ትናንሽ ኩባንያዎች በጸጥታ ይገዙት ነበር። በአማካይ ለአንድ ኤከር ከ200 ዶላር በታች እየከፈሉ 27 ሺህ ኤከር፣ ማለትም 11 ሺህ ሄክታር ያህል ሰበሰቡ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የከተማው ጋዜጣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ገዥ ዋልት ዲዝኒ መሆኑን ሲያወጣ፣ በዙሪያው የቀረው መሬት ዋጋ ሰማይ ነካ። ምስጢሩን የያዘው በርካሽ ገዛ፤ ወሬውን ሰምቶ የሮጠው በውድ ገዛ።

ፓርኩ በጥቅምት 1971 ተከፈተ። ዛሬ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ አራት የመዝናኛ ፓርኮች፣ በርካታ ሆቴሎችና ከ70 ሺህ በላይ ሠራተኞች አሉት። ተፎካካሪው ዩኒቨርሳልም ኤፒክ ዩኒቨርስ የተባለውን አዲስ ፓርኩን በግንቦት 2025 ከፍቷል። በዚህ ሁሉ ዙሪያ ቤት የሚፈልገው ሰው ሦስት ዓይነት ነው፦ ለኑሮ የሚገዛ ቤተሰብ፣ ለእንግዳ ሊያከራይ የሚገዛ ባለሀብት፣ በፓርኩ ደመወዝ የሚተዳደር ሠራተኛ። ለሦስቱም የሚስማማ አንድ ሠፈር የለም። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም ይህን ባለመለየት ነው።

ለኑሮ የሚገዛ

ከፓርኩ ጋር ስሟ አብሮ የሚነሳው ሴሌብሬሽን ናት። ዲዝኒ ራሱ የቆረቆራት ይህች ትንሽ ከተማ የመጀመሪያ ነዋሪዎቿን የተቀበለችው በ1996 ነው። ቤቶቹ ለሽያጭ ሲቀርቡ ፈላጊው ከቤቱ ቁጥር እጅግ ስለበለጠ ዕጣ እስከ ማውጣት ተደርሷል። በእግር የሚኬድበት መንገድ፣ ሐይቅ ዳር ያለ የገበያ ማዕከልና ከፊት በረንዳ ያላቸው ቤቶች መለያዎቿ ናቸው። ሆኖም ዲዝኒ የከተማዋን ማዕከል በ2004 ለግል ኩባንያ ሸጧል። ዛሬ ቤት የሚገዛ ሰው የስሙን ዋጋ ይከፍላል እንጂ የዲዝኒን ዋስትና አይገዛም።

በምዕራብ በኩል በኦሬንጅ አውራጃ ዊንደርሚርና ሆራይዘን ዌስት ይገኛሉ። ዊንደርሚር በሐይቆች የተከበበች የባለጸጋ ሠፈር ናት። ሆራይዘን ዌስት ደግሞ በቀድሞ የብርቱካን እርሻ ላይ የተሠራ፣ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች የሚያዘወትሩት አዲስ ሠፈር ነው። ሕዝቡ በፍጥነት ስለጨመረ በ2017 ዊንደርሚር፣ በ2021 ደግሞ ሆራይዘን የተባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። አዲስ ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር የተማሪዎች ምደባ ወሰን ይለወጣል። በመሆኑም ገዥው የሠፈሩን ስም ሳይሆን የቤቱን አድራሻ ይዞ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚደርሰው ማረጋገጥ አለበት።

ከካርታ ላይ የሚለካ ርቀትም ያታልላል። ኢንተርስቴት 4 የተባለው አውራ ጎዳና በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ይጨናነቃል። ከዚያ ለማምለጥ የሚኬድበት መንገድ ቁጥር 429 ደግሞ ያስከፍላል። በ2014 ሥራ የጀመረው የከተማው ባቡርም ፓርኮቹ በር አይደርስም። በጣም የቀረበ ሠፈር በበኩሉ የማታውን ርችት ድምፅ ይሰማል። ለእንግዳ አንድ ቀን ደስታ የሆነው ነገር ሕፃን ለሚያስተኛ እናት የየማታ ጣጣ ሊሆን ይችላል።

ሊያከራይ የሚገዛ

ባለሀብቱ ከሁሉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ነገር የመሬት አጠቃቀም ደንቡ ነው። በኦሬንጅ አውራጃ በአብዛኛው የመኖሪያ ቀጠና ለአጭር ጊዜ እንግዳ ማከራየት አይፈቀድም። ለዚህ ተብለው የተመደቡ ሠፈሮች በብዛት የሚገኙት በደቡብ በኩል፣ በኦሲዮላ አውራጃ በኪሲሚ ዙሪያና በፖልክ አውራጃ በዳቨንፖርት አካባቢ ነው። አንድ አጥር የሚለያቸው ሁለት ቤቶች አንዱ በሕግ ሲከራይ ሌላው የሚያስቀጣ ሊሆን ይችላል። አውራጃው ቢፈቅድ እንኳ የነዋሪዎች ማኅበር ደንብ ሊከለክል ስለሚችል ሁለቱም ወረቀቶች ቀብድ ሳይከፈል መታየት አለባቸው።

ግብሩም ቀላል አይደለም። እንግዳው ከኪራዩ ላይ በኦሬንጅ 12.5 በመቶ፣ በኦሲዮላ 13.5 በመቶ የሽያጭና የቱሪስት ታክስ ይከፍላል። የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ ቤቱን መልሶ ሲሸጥ ደግሞ እንደ ደንቡ ከሽያጩ ዋጋ 15 በመቶ ተቀንሶ ለመንግሥት ገቢ ይደረጋል። ትርፍ ግብሩ ከዚያ ካነሰ ቀሪው የሚመለሰው ሒሳብ ቀርቦ ከታየ በኋላ ነው። ወዲያው የሚዞር ገንዘብ ለሚፈልግ ነጋዴ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ከዋጋው በስተጀርባ

ሻጩ የሚያሳየው የንብረት ግብር ደረሰኝ ገዥው የሚከፍለው አይደለም። በፍሎሪዳ ሕግ በገዛ ቤቱ በቋሚነት የሚኖር ሰው የግብር ግምቱ በዓመት ከ3 በመቶ በላይ አይጨምርበትም። ቤቱ ሲሸጥ ግን ግምቱ ወደ ገበያ ዋጋ ይመለሳል። ሻጩ ሃያ ዓመት ኖሮበት ከሆነ የአዲሱ ገዥ ግብር ከቀድሞው እጅግ ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ላይ የነዋሪዎች ማኅበር ወርሃዊ መዋጮ አለ። በብዙ አዳዲስ ሠፈሮች ደግሞ ለመንገድና ለፍሳሽ ግንባታ የተወሰደው ብድር በየዓመቱ ከግብሩ ጋር ተጨምሮ ከቤቱ ባለቤት ይሰበሰባል።

ኢንሹራንስ ሌላው ነው። በ2004 ቻርሊ፣ በ2022 ደግሞ ኢያን የተባሉት አውሎ ነፋሶች አካባቢውን መትተዋል፤ በኢያን ጊዜ በኪሲሚ ዙሪያ ጎርፍ ቤቶች ውስጥ ገብቷል። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ ለብቻው ይገዛል። መሬቱም በኖራ ድንጋይ ላይ የተኛ ስለሆነ ይሰምጣል። በ2013 ከፓርኩ ብዙም በማይርቀው በክለርሞንት አንድ የእረፍት ሕንፃ በሌሊት ፈርሷል፤ እንግዶቹ ግን በሕይወት ወጥተዋል።

በፓርኩ ደመወዝ የሚኖር

የዚህ ገበያ ትልቁ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ፓርኩን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ በፓርኩ አጠገብ ለመኖር አቅም ያጥረዋል። በ2023 በተደረገው የሠራተኛ ማኅበር ስምምነት መነሻ ክፍያው በሰዓት 18 ዶላር ሆኗል። ይህም ሆኖ በኪሲሚ አውራ መንገድ ዳር ባሉ ርካሽ ሞቴሎች በሳምንት እየከፈሉ የሚኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ አሉም። ዲዝኒ በ2022 በኦሬንጅ አውራጃ 80 ኤከር ያህል መሬት ለዝቅተኛ ዋጋ ቤቶች እንደሚሰጥ ያስታወቀው ችግሩ ስለተሰማው ነው።

አከራዩም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። በመጋቢት 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ፓርኮቹ ሲዘጉና እስከ ሐምሌ ሳይከፈቱ ሲቀሩ፣ በእንግዳ ኪራይ የባንክ ዕዳ የሚከፍለው ባለቤትና ደመወዙ የቆመው ተከራይ በአንድ ቀን ተጨነቁ። አንድ ጌታ ባለው ከተማ የሚገዛ ሰው ያ ጌታ ሲያስነጥስ ጉንፋኑ እንደሚደርሰው አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ስለዚህ አዋቂ ገዥ ሠፈሩን ሁለት ጊዜ ያየዋል፦ አንድ ጊዜ በጠዋት የሥራ ሰዓት፣ አንድ ጊዜ በማታ ርችት ሲተኮስ። በሁለቱ መሀል ደግሞ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄዶ ደንቡን ያነባል። የ1965ቱ ገዥዎች ያተረፉት ሌላው ሳያውቅ ስላወቁ ነበር። ዛሬ ምስጢር የሚባል ነገር የለም፤ ወረቀቱ ለጠየቀ ሁሉ ክፍት ነው። የሚከስረው ሳይጠይቅ የፈረመው ነው።