የበረሃ ጽጌረዳ በዘይት ጣሳ

ካኩማ አቧራና ፀሐይ ብቻ ነው እያልን እናማርራለን። ግን እዚሁ ቱርካና ምድር ማንም ሳያጠጣው ሮዝና ቀይ አበባ የሚያፈካ ቁጥቋጦ አለ፤ የበረሃ ጽጌረዳ። በስም ነው እንጂ ከጽጌረዳ ጋር አይዛመድም። በሶማሊያና በአገራችን ቆላም ይበቅላል።

ምስጢሩ ግንዱ ነው። ከታች እንደ እንስራ ያበጠ በመሆኑ በዝናብ ጊዜ ውሃ ያጠራቅማል። ድርቁ ሲጠና ቅጠሉን ያራግፋል፤ ታዲያ ሞተ ብላችሁ እንዳትነቅሉት!

አተካከሉ ቀላል ነው። ዘሩ ጥንድ ቀንድ በሚመስል ፍሬ ውስጥ ይገኛል። ፍሬው ሲፈነዳ ዘሩን ነፋስ ስለሚወስደው አስቀድሞ በክር ማሰር ያስፈልጋል። የዘይት ጣሳ ሥሩን በሚስማር በሱ፤ አሸዋ የበዛበት አፈር ሙሉበት። ዘሩን በስሱ አልብሳችሁ እርጥበቱን ጠብቁ፤ በዚህ ሙቀት በሳምንት ገደማ ብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። የሚገድለው ጥማት ሳይሆን ውሃ ሲበዛ የሚመጣው መበስበስ ነው። ስለዚህ ከመጠጥ ውሃችን መቀነስ የለብንም፤ አትክልት ያጠብንበት ይበቃዋል። ቅርንጫፉም ይተከላል፤ ነገር ግን የተቆረጠው ጫፍ ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀን ይድረቅ።

ወላጆች ሆይ፣ ልብ በሉ! የዚህ ተክል ጭማቂ ልብን የሚመታ መርዝ ነው። በአፍሪካ አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ ይቀቡበት ነበር። ሕፃንና ፍየል ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት፤ ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ዓይናችሁን አትሹ። ልጅ ከቀመሰው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት፤ የተክሉንም ቅጠል ይዛችሁ አሳዩ።

ሌላው ደግሞ፣ ከጫካ ቆፍረን አናምጣ። ካምፑ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ወዲህ በማገዶ የተነሳ ከባለአገሮቹ ጋር ጠብ ተፈጥሯል፤ በአበባ ደግሞ አይጨመርበት። አስፈቅዶ ጥቂት ዘር መልቀም ይበቃል።

"ፕሮሰሴ ዛሬ ነገ እያለ ምን ልትከል?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከዘር የተነሳ ተክል ለማበብ ዓመት ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን በጣሳ ያለ ተክል መሬት አይዝም። ቀኑ ከደረሰ ለጎረቤት ይሰጣል፤ ካልደረሰም ደጃችን ላይ ያብባል።