«ወደብ» ወይስ «በር»? ኮምፒውተርን ከርቀት ስለ መጠቀም የሚነገሩ ስያሜዎች

አንድ ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ ሰንበቴ በሚገኘው ቤቱ የተወውን ኮምፒውተር በኢንተርኔት ከፍቶ ሊሠራበት ፈለገ እንበል። የያዘው መምሪያ «ወደቡን ክፈት» ይለዋል፤ እንደ ታዘዘው ቢያደርግም ኮምፒውተሩ አይገኝም። ችግሩ ከፊሉ የአሠራር፣ ከፊሉ የስያሜ ነውና ከቃሉ በፊት ጽንሰ ሐሳቡን መመርመር ይገባል።

በ1981 እ.ኤ.አ. የተደነገገው የኢንተርኔት አድራሻ 32 ቢት በመሆኑ ከ4.3 ቢሊዮን የሚበልጥ አድራሻ አይሰጥም። ይህ ስላልበቃ ብዙ አቅራቢዎች፣ በተለይም የሞባይል ኢንተርኔት አቅራቢዎች፣ አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያካፍላሉ። ነገሩ አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር የሠራተኞቹ ሁሉ አድራሻ እንደሆነበት መሥሪያ ቤት ነው። ከውስጥ ለወጣ ደብዳቤ የሚመጣው መልስ፣ ላኪው በመዝገብ ስለሚታወቅ፣ ለባለቤቱ ይደርሳል፤ የተቀባዩ ስም ሳይጻፍበት ከውጭ የመጣው ግን ለማን እንደሚሰጥ አይታወቅም። ስለዚህ ባለቤቱ በቤቱ ራውተር ላይ የፈለገውን ቢከፍት ከንቱ ድካም ነው፤ የተዘጋው ከእርሱ በላይ ነውና።

ይህን አድራሻ «የወል» ማለት ያሳስታል፤ ቃሉ ለሁሉ ክፍት የሆነውንም፣ ብዙዎች የሚካፈሉትንም ያመለክታል። የመጀመሪያውን «ይፋዊ አድራሻ»፣ ሁለተኛውን «የጋራ አድራሻ» ብሎ መለየት ይሻላል።

«ወደብ» የተባለውም የምንጭ ቃሉን መመሳሰል ካለማስተዋል የመጣ ነው። በላቲን «ፖርቱስ» የመርከብ ማረፊያ ሲሆን «ፖርታ» ግን በር ነው፤ የኮምፒውተሩ ቃል ዘሩ ከኋለኛው ነው። እንግዲህ ከ0 እስከ 65535 በቁጥር የሚለየው መግቢያ «በር» ሊባል ይገባል።

መፍትሔው አቅጣጫውን መገልበጥ ነው። የቤቱ ኮምፒውተር ራሱ አስቀድሞ ይፋዊ አድራሻ ካለው ሰርቨር ጋር ይገናኛል፤ ባለቤቱም ሳይዘጋ በሚቆየው በዚያው መስመር ተመልሶ ይገባል። ይህን መስመር «ዋሻ» ማለት ተገቢ ነው። ዋሻ መውጫ የሌለው የአውሬ መጠለያ ነው ብሎ የሚቃወም ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በጣርማ በር በኩል ወደ ሰንበቴ የሚወርድ መንገደኛ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈውን መንገድ «ዋሻ» ይለዋል፤ የቦታው ስም ራሱ ደግሞ «በር» ነው። ሕዝቡ የለመዳቸው ሁለቱ ቃላት ሳሉ ባሕር በሌለበት አገር ወደብ መፈለግ አያስፈልግም።

ተርጓሚው ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አይዘንጋ፤ ዋሻ መንገድ እንጂ ቁልፍ አይደለምና፣ ጠንካራ የይለፍ ቃል ወይም የምስጢር ቁልፍ የግድ መሆኑ በመምሪያው ይጻፍ።