ጠጠር የነካው ኮፈን

በምሥራቅ ሱዳን በኻሽም አልግርባና በኒው ሀልፋ መካከል የሚመላለስ ፒክአፕ ስንት ክረምት እንዳለፈበት ለማወቅ ሊብሬውን ማገላበጥ አያስፈልግም፤ የኮፈኑን አፍንጫ ማየት ይበቃል። ጠጠር ሰሞኑን የመታው ቦታ ግራጫ ነው፤ አለዚያም ብረቱ ራሱ ያብለጨልጫል። አንድ ክረምት ያለፈበት ነጥብ ቡናማ ሆኗል። ሁለት ሦስት ክረምት የከረመው ደግሞ ዙሪያው አብጦ፣ በጥፍር ሲነካ ቀለሙ እየተቀረፈ ይነሳል። እዚህ የምናወራው ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው። ሦስተኛው የቀለም ቀቢ እንጂ የባለ መኪናው ሥራ አይደለም።

ኒው ሀልፋ የተቆረቆረችው የአስዋን ግድብ ውሃ ዋዲ ሀልፋን ሲውጥ ከቀያቸው የተነሡት ኑቢያውያን እንዲሰፍሩባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጠናቀቀው የኻሽም አልግርባ ግድብ የአትባራን ውሃ በቦይ ወደ ጥጥ፣ ስንዴና ሸንኮራ አገዳ እርሻዎቿ መራ። አትባራ ለእኛም ባዳ አይደለም፤ ጓንግና አንገረብ፣ ሱዳኖች ሰቲት የሚሉት ተከዜም የሚገቡበት ወንዝ ነው። ከካርቱም በገዳሪፍና በከሰላ አድርጎ ፖርት ሱዳን የሚደርሰው 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት በዚሁ በኩል ያልፋል። ከአስፋልቱ የወጣ የቦይ ዳር ኮረኮንች ወይም የቡታና ሜዳ ይጠብቀዋል። ወደ ደቡብ የታጠፈ ደግሞ ገዳሪፍን፣ ከዚያ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ጋላባትን፣ ድልድዩን ተሻግሮ መተማን ያገኛል፤ ከመተማ እስከ አዘዞ ሌላ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ።

በዚህ ሁሉ መንገድ ቀለምን የሚጎዱት ነገሮች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ጥገናቸውም አንድ አይደለም። ከፊት የሚሄድ ተሳቢ የሚወረውረው ጠጠር ኮፈኑን፣ የፓራፋንጎውን ጫፍና የጣሪያውን የፊት ጠርዝ ይመታል። ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ግን ጥልቅ ነው። የግራር እሾህ ከበሩ እስከ ስፖንዳው ረጅም መስመር ይስላል፤ ሲያዩት ያስደነግጣል እንጂ አብዛኛው የላይኛውን ሽፋን ብቻ የነካ ነው። ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል የሚያመጣው አሸዋ ግን ምንም ነጥብ ሳይተው የፊቱን ገጽ በሙሉ ያደበዝዘዋል። ሰው ብዙውን ጊዜ በእሾሁ መስመር ይናደዳል፣ ጠጠሩን ግን ችላ ይላል። መሆን የነበረበት በተቃራኒው ነው።

ምክንያቱን ለማየት ቀለሙን ከሥሩ መመልከት ይጠቅማል። ፋብሪካው ላሜራውን መጀመሪያ በፎስፌት ያክመዋል፤ ከዚያ የመኪናው አካል በሙሉ ገንዳ ውስጥ ይነከርና ፀረ ዝገቱ ሽፋን በኤሌክትሪክ ኃይል እየተሳበ ይለጠፍበታል። በላዩ ግራጫው መሙያ፣ ቀጥሎ ዓይን የሚያየው ቀለም፣ በመጨረሻም ቀለም አልባው አንጸባራቂ ቨርኒሽ ይመጣል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ሁለት የራስ ፀጉር ቢደራረብ ያንን ያህላል። ዓይን የሚያየው ቀለም ለብቻው ብዙ ጊዜ ከ20 ማይክሮን አያልፍም። ስለዚህ ጠጠሩ ወደ ብረቱ ለመድረስ ብዙ መቆፈር የለበትም።

ብረቱ ከተገለጠ በኋላ ውሃና አየር ይበቁታል። ዝገት ከበላው ብረት የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ የቀዳዳውን ጠርዝ ወደ ላይ እየገፋ ያነሳዋል፤ በተነሳው ሥር ውሃ ይገባል፤ ውሃው ሌላ ብረት ያገኛል። በኒው ሀልፋ ደረቅ ወራት ይህ ነገር የቆመ ይመስላል። ሰዎች «አገሩ ደረቅ ነው፣ አይዝግም» የሚሉት ለዚህ ነው። በሰኔ ዝናቡ ሲጀምር ግን የገዳሪፍና የመተማ ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኖ ፓራፋንጎው ሥርና የበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ ይለጠፋል፤ ውሃውንም ለቀናት ይዞ ይቀመጣል። ደረቁ ወቅት ያዘገየውን ዝገት እነዚያ ወራት ይጨርሱታል።

ለዚህም ነው የቀለም ጥገናን እንደ ቅንጦት የሚያዩ ሰዎች የማይገቡኝ። በዚህ አካባቢ መኪና እንደ ልብስ አይለወጥም። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ያለው ጦርነት ሰውን ከነመኪናው ወደ ምሥራቅ ገፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ከምሥራቅ ጀዚራ የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ኒው ሀልፋ ገብተዋል። ከንብረቱ ሁሉ አንድ ፒክአፕ የቀረለት ሰው ኮፈኑን ከዝገት የሚጠብቀው ለማማር አይደለም።

የጭረትን ጥልቀት ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ቦታውን አጥቦ በውሃ ማርጠብ ነው። ሲረጥብ መስመሩ ከጠፋ ጉዳቱ ቨርኒሹ ላይ ነው፤ ሲደርቅ መልሶ ይታያል፤ ነገር ግን በፖሊሽ ይወጣል ወይም ይቀንሳል። ቀጥሎ ጥፍር ተሻግሮ ይሳብበታል። ጥፍር ሳይዘው ካለፈ በማሸት ያልቃል፤ ከያዘው ቀለም መሙላት ይፈልጋል። ግራጫ የሚታይ ከሆነ መሙያው ድረስ ሄዷል፤ ቡናማ ወይም ብረት ከታየ ጊዜ የለም።

እዚህ ላይ ነጭ ፒክአፕ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ ነጫጭ የሥራ መኪናዎች ቨርኒሽ የላቸውም፤ ቀለሙ ራሱ እስከ ላይ አንድ ነው። ለማረጋገጥ ጥቁር ጨርቅ ላይ ትንሽ ኮምፓውንድ አድርጎ ስውር ቦታ ማሸት ነው፤ ጨርቁ ነጭ ከሆነ ቨርኒሽ የለም ማለት ነው። እንዲህ ያለው መኪና ቀለል ያለ ጭረት ሲታሽ ይጠፋለታል፤ የጠጠር ነጥቡም ሲሞላ ብዙም አይለይም። በብርማና በሌላ ሜታሊክ ቀለም ያለው መከራ የለበትም።

ቀለሙን ከመግዛት በፊት ቁጥሩን መፈለግ ነው። በቶዮታ የሹፌሩ በር ፍሬም ላይ ወይም ሞተር ክፍሉ ውስጥ ባለችው ሰሌዳ «ሲ/ቲአር» ከሚለው ጎን ይገኛል፤ 040 ነጭ ነው፣ 1ኤፍ7 ብርማ። ቁጥሩን የያዘ ሰው ቀለም ቀማሚው ፊት አይከራከርም። ሆኖም ቁጥሩ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ቀለም እንጂ አሥር ዓመት የገዳሪፍ ፀሐይ የመታውን አይናገርም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ያገለገሉ ሆነው ከመጡት መካከልም ቀደም ብለው የተቀቡ አሉ። ስለዚህ ጠብታውን መጀመሪያ ወረቀት ላይ አድርቆ ከኮፈኑ ጋር ማስተያየት ይሻላል፤ ቀለም እርጥብ እያለ የሚያሳየው መልክ አያስተማምንም። በነገራችን ላይ በለስላሳ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በር ላይ ሲደረግ ካልያዘ፣ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ አለ። ያገለገለ መኪና ለመግዛት ላሰበ ይህ ከሁሉ ይጠቅመው ይሆናል።

ሥራው ራሱ ከመቀባት ይልቅ በማጽዳት ነው የሚያልቀው። መኪናው በሳሙና ይታጠባል፤ ሰም፣ ቅባትና የጎማ ማስዋቢያ ፈሳሽ እንዳይቀር ነጥቡ በአልኮል ይጠረጋል። ቤንዚን አይሆንም፤ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ዝገት ካለ በጥንቃቄ መፋቅ አለበት፤ ጥቂት የተነሳ ጠርዝ ካለም ጤነኛው ቀለም ጋ እስኪደረስ ድረስ። ለዚህ 320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በክብሪት እንጨት ጫፍ ልክ ተቆርጦ፣ እንጨቱ ጫፍ ላይ ተለጥፎ ቢያሹበት ጤነኛውን ቀለም አይነካም። ገዳሪፍ ገበያ ላይ ሰንፈራ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ብርጭቆ ወረቀት ብሎ የሚገዛውን ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል፤ ይህን ገልብጦ የያዘ ሰው ኮፈኑን ያበላሻል።

ከቀዳዳው ሥር ተፍቆ ያልወጣ ዝገት ይቀራል። ለዚያ የዝገት መቀየሪያ ፈሳሽ ይሸጣል፤ ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ታኒን ያለበት ነው። ታኒኑ ዝገቱን ይዞ ወደ ጥቁር፣ ወደማይስፋፋ ነገር ይለውጠዋል። የሱዳን ቆዳ ፋቂዎች ከዘመናት ጀምሮ ቆዳ የሚያለፉበት ከግራር ወገን የሆነ ዛፍ ፍሬ በዚሁ በታኒን የተሞላ ነው። ለመኪናው ግን የሚሸጠውን መጠቀም ይሻላል፤ በቤት የተዘፈዘፈ ፍሬ መጠኑ አይታወቅም፣ አዲስ ቀለምም በላዩ በደንብ ላይዝ ይችላል።

ብረቱ ከታየ መጀመሪያ ፀረ ዝገት ቀለም ጠብ ይደረጋል፤ ይህን መዝለል ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። ከጠርሙሱ ክዳን ጋር የሚመጣው ብሩሽ ለጠጠር ነጥብ ይወፍራል። የጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ይበልጣል፦ ጠብታዋ ከቀዳዳው መሐል ትቀመጥና ራሷ ወደ ጠርዙ ትሄዳለች። አንዴ መሙላት አይቻልም። ቀለም ሲደርቅ ፈሳሹ ይተንና መጠኑ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ስስ ስስ እያደረጉ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየመሐሉ እያደረቁ፣ የመጨረሻው ከአካባቢው ጥቂት ከፍ እስኪል ይጨመራል። ሜታሊክ ከሆነ ጠርሙሱ ብዙ መናጥ አለበት፤ ብልጭልጩ ታች ከቀረ ነጥቡ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ቨርኒሽ ላለው መኪና ቨርኒሹ ይከተላል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። በሚያዝያና ግንቦት ቀትር ላይ በኒው ሀልፋ ፀሐይ ኮፈን በእጅ አይነካም። እዚያ ላይ ያረፈ ጠብታ ፊቱ ወዲያው ይደርቃል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ በኋላ ይሸበሸባል። ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ በጥላ ሥር መሥራት ይሻላል። በክረምት ደግሞ አየሩ እርጥብ ሲሆን ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ ቀለሙ ላይ እርጥበት ያርፍና ወተት የመሰለ ጭጋግ ይይዘዋል። ዝናብ ባዘለ ቀን መቀባት የለበትም።

ከዚያ መተው ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ በማግሥቱ ማሸት ይጀምራል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ማለፍ አለበት። ከዚያ ከፍ ያለችውን ጠብታ ብቻ 2000 ቁጥር ወረቀት ትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎ፣ በሳሙና ውሃ እያረጠቡ ማስተካከል፤ ቀጥሎም በኮምፓውንድ ማሸት ነው። ቨርኒሹ 40 ወይም 50 ማይክሮን መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ያለፈውን ማሸት የሚመልስ የለም። እኔ ብሆን ነጥቧን ከፍ እንዳለች ትቼ እሄዳለሁ፤ ከሦስት ሜትር አትታይም፣ ውሃም አታስገባም።

ሾፌሮች የሚመክሩት ብዙ ነው። የጥፍር ቀለም ብዙዎች የሚሉትን ያህል መጥፎ አይደለም። ከናይትሮሴሉሎስ የሚሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዱፖንት «ዱኮ» ብሎ ለጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች ያቀረበው ቀለምም ከዚሁ ወገን ነው። መንገድ ላይ ላለ ሰው ጊዜያዊ መድፈኛ ይሆናል፤ ፀሐይ ግን ያደበዝዘዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። የጥርስ ሳሙና ለስላሳ ጭረት ያደበዝዛል፣ ከዚያ አያልፍም። በናፍጣ የተወለወለ መኪና አንድ ቀን ያበራል፤ በማግሥቱ የቡታናን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል፤ በኋላ የሚቀባውንም ቀለም አያስይዝም።

ከባለ መኪናው እጅ የሚወጣም አለ። ጣሪያው ላይ ቨርኒሹ እየተላጠ ከሆነ ነጥብ መድፈን ዋጋ የለውም። በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚለሰልስ ላሜራ ባትላሜራ ይፈልጋል። ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት በኮምፕሬሰር የሚረጭ ቀለም ደግሞ አይሶሳይኔት የሚባል፣ ሳንባን የሚጎዳ ነገር አለበት፤ ተገቢው ማጣሪያ ጭንብል በሌለበት ግቢ ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት፣ ሊሞከር አይገባም። ቲነርም ቢሆን ከሲጋራና ከከሰል ምድጃ ይራቅ። የፕላስቲክ መከላከያ የተጫረ እንደሆነ ግን አይቸኮልም፤ ፕላስቲክ አይዝግም።

ግንቦት ሳያልቅ መኪናዎን አጥበው ኮፈኑን፣ የፓራፋንጎውን ጫፍና የበሮቹን ታችኛ ጠርዝ በጣትዎ ይዳስሱ። ብረት የታየበትን ነጥብ ሁሉ ዝናቡ ሳይመጣ ይድፈኑት፤ መልኩ ባይገጥምም እንኳ ይድፈኑት።