መዓዛማውን የዛፍ ላይ ኦርኪድ በቤት ውስጥ ስለ ማሳደግ

ከኦርኪድ ወገኖች አንዱ፥ በሳይንስ ስሙ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የሚባለው፥ በኢትዮጵያ፥ በኬንያ፥ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከፍተኛ ስፍራዎች ባሉ ደኖች ይበቅላል። ተክሉን ለሊቃውንት በጽሑፍ ያስታወቀው ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ሲሆን፥ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1850 ገደማ ነበር።

ግንዱ አጭር ስለ ሆነ በቤት ውስጥ ስፍራ አያጣብብም። አበባው ነጭና ኮከብ መሰል ነው፤ ከኋላውም ከ12 እስከ 20 ሳንቲሜትር የሚረዝም ቀጭን ቱቦ ይንጠለጠላል። ጣፋጩ ፈሳሽ በቱቦው ጫፍ ስለሚገኝ ሊደርስበት የሚችለው ምላሱ ረዥም የሆነ የሌሊት የእሳት እራት ነው። መዓዛው ሲመሽ የሚበረታውም ስለዚህ ነው።

ብዙ ሰዎች ይህ ተክል የተጠጋበትን ዛፍ ምግብ የሚመጥ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሥሩ ቅርፊቱን ይዞ ይቆማል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ውሃውን የሚያገኘው ከዝናብና ከጉም ነው። ስለዚህ ተራ አፈር በሞላበት ማሰሮ የተከሉት እንደ ሆነ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

አያያዙም እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፥ በእንጨት ቅርፊት ላይ በለስላሳ ክር ማሰር፤ ወይም ተሰባብሮ በደቀቀ ቅርፊት በተሞላና ከሥሩ በተበሳ ዕቃ ማኖር። ሁለተኛ፥ የጧት ብርሃን በሚያገኝ መስኮት አጠገብ አድርጎ ከቀትር ፀሓይ መከለል። ሦስተኛ፥ ጧት ጧት ውሃ መርጨት፤ የዝናብ ውሃ የተሻለ ነው። ነጩ ሥር አረንጓዴ ሲመስል ውሃ ጠግቧል ማለት ነው፤ ተመልሶ ሲነጣ ደርቋል።

ከሁሉ በላይ ግን ተክሉን ከጫካ መንቀል አይገባም። የኦርኪድ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀና ስንቅ የሌለው ስለ ሆነ፥ በዱር የሚበቅለው ተስማሚ ሻጋታ ሲረዳው ብቻ ነው፤ ለማበብም ዓመታት ይፈጅበታል። በአንድ ቀን የተነቀለውን ደኑ ቶሎ አይተካውም። በ1973 (እ.ኤ.አ.) በዋሽንግተን የተፈረመው የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነትም የኦርኪድን ወገን በሙሉ በቁጥጥር ሥር አድርጎታል።

ስለዚህ የአበባው ወዳጅ ሁሉ ከዘር ወይም ከችግኝ ከሚያራቡ አትክልተኞች ቢገዛ፥ ቤቱም መዓዛ ያገኛል፤ ደኑም ጌጡን አያጣም።