ኮታ የሚጠይቀው ፓርቲ

በደርግ ዘመን በጎጃም በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያረሰ ሰው ኢሠፓን ሲያነሱበት ከማርክስ ይልቅ ትዝ የሚለው የእህል ኮታው ነው። አንድ ፓርቲ ብቻውን ሲገዛ ምን እንደሚመስል ለመረዳትም መነሻው እዚያ ነው።

የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) በ1977 ዓ.ም. መባቻ ተመሠረተ። ከ11ዱ የፖሊት ቢሮ አባላት አብዛኞቹ ከደርግ የመጡ መኮንኖች ነበሩ፤ ስሙ የሠራተኛ፣ አናቱ የወታደር ማለት ነው። የ1979ኙ ሕገ መንግሥት ፓርቲውን የመንግሥትና የኅብረተሰቡ መሪ አደረገው። በሶርያም ባዝ ፓርቲ በ1965ቱ ሕገ መንግሥት ተመሳሳይ ቦታ ተሰጥቶት ነበር፤ የአንዱ ርዕዮት ሶሻሊስት ዓለም አቀፍነት፣ የሌላው የዓረብ ብሔርተኝነት ቢሆንም አሠራሩ ይመሳሰል ነበር። የፓርቲው ጸሐፊ ከመንግሥት ሹሙ ይበልጥ ነበር። በኢትዮጵያ ለ835ቱ የብሔራዊ ሸንጎ (የምክር ቤቱ) ወንበሮች ከአንድ በላይ ዕጩ ሊቀርብ ይችል ነበር፤ ዕጩዎቹን ግን የሚያቀርቡት ፓርቲው ራሱና በሥሩ ያሉ ማኅበራት ነበሩ።

ገበሬው ዘንድ ይህ ሁሉ የሚደርሰው በገበሬ ማኅበሩ በኩል ነበር። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ መሬት ለማከፋፈል ነው። ኋላ ግን ግብርና መዋጮ መሰብሰቢያ፣ ወታደር መመልመያ፣ ኮታ መደልደያ ሆነ። ጎጃም ትርፍ አምራች ስለሆነ ጫናው እዚያ በረታ፤ የግል እህል ነጋዴም ለዓመታት ታግዶ ቆየ። ጤፉንና በቆሎውን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ ይወስድ ነበር። ኮታው ካልሞላለት ገበሬው ከሌላ በውድ ገዝቶ የሚያስረክብበት ጊዜም ነበር። ይህን ግፍ ካድሬው የቱንም ያህል ስለ ጭቁን ሕዝብ ቢሰብክ ሊያስረሳው አይችልም ነበር።

በየካቲት 1982 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ የእህል ንግዱ ተለቀቀ፤ ገበሬዎች በጋራ የሚያርሱባቸው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም በወራት ውስጥ ፈረሱ። አፍርሱ ያላቸው አልነበረም፣ የሚከለክላቸው ብቻ ጠፋ። ፓርቲው ስሙን ወደ ዲሞክራሲያዊ አንድነት ለወጠ፤ በዓመቱ መንግሥቱን ይወጋ የነበረው የኢሕአዴግ ጦር በዘመቻ ቴዎድሮስ ጎጃም ሲገባ የሚከላከልለት ገበሬ አላገኘም።

የገበሬ ማኅበሩ ግን እንደ ፓርቲው አልፈረሰም። አዲሱ የኢሕአዴግ መንግሥት መዋቅሩን ወርሶ የገጠር ቀበሌ አደረገው፤ ግብርም ማዳበሪያም በዚያው በር መምጣታቸው ቀጠለ።