ዐዲስ ሰው የስልክ መተግበሪያ ሲከፍት ስለሚገባው አቀባበል

ለገበሬው ጥቅም ተብሎ የተሠራ የስልክ መተግበሪያ ብዙ ጊዜ የሚጣለው በሥራው ጉድለት ሳይኾን በፊተኛው ቀን በሚያሳየው ክፉ አቀባበል ነው። የዘር ወራት አይቈይምና፥ በመጀመሪያው ሰዓት ተቸግሮ የዘጋው ሰው ጊዜው ካለፈበት በኋላ ቢመለስ አይጠቅመውም። ስለዚህ በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንት እንዲህ ያለውን ሥራ ስትረከቡ፥ ስንት ሰው ስልኩ ላይ ጫነው ብቻ ሳይኾን ስንቱ የመጀመሪያ ጉዳዩን ፈጸመ ብላችሁ ትጠይቁ ዘንድ ይገባል።

ገበሬው ጥቅሙን ሳያይ ስሙ፥ ቀበሌው፥ የመሬቱ ስፋትና የይለፍ ቃሉ በደጅ ከተጠየቀ ሳይገባ ይመለሳል። እኛ ጸሓፊዎች ቅጽ ማብዛት እንወዳለን፤ ነገር ግን የጤፍን ዋጋ ለማየት መመዝገብ ምን ያደርጋል? መዝገቡ ግዥ ወይም ብድር ሲጀመር ይደርሳል።

የፈቃድ ጥያቄም እንዲሁ ነው። መተግበሪያው ያለበትን ስፍራ ለማወቅ ገና ሲከፈት ቢጠይቅ፥ ገበሬው ምክንያቱን ስለማያውቅ ይከለክላል። በ2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ደግሞ ኹለት ጊዜ የተከለከለ ጥያቄ ዳግመኛ አይታይም፤ ከዚያ በኋላ የስልኩን ማስተካከያ ከፍቶ መፈለግ ግድ ይኾናል፥ ይህንም የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ገበሬው የቀበሌውን ዝናብ ለማወቅ ሲነካ፥ ምክንያቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተነግሮት በዚያው ጊዜ ይጠየቅ።

ማንበብ ለማይችል ሰው ድምፅ ያስፈልጋል። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ምክርን በድምፅ፥ በደዋዩ ቋንቋ ማሰማቱ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርም ተራ ስልክ ላለው ሰው በ*127# ሌላ በር ከፍቷል።

የልማት ሠራተኛው ማገዙ መልካም ነው። ነገር ግን ራሱ እየነካ የሚጨርስለት ከኾነ ገበሬው ምንም አይማርም፤ ምስጢር ቍጥሩንም ሌላ ሰው ያወቀበት እንደ ኾነ ገንዘቡ በሰው እጅ ነው። ጣቱ የገበሬው ይኹን።

ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት ከገበያ አምስት ሰዎችን ጠርታችሁ ስልኩን ስጧቸው፤ ከጎናቸውም ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ጣታቸው የቆመበትን ስፍራ እየጻፋችሁ ለሠሪዎቹ መልሱ።